በቅሎዋና ጭብጦዋ፦ ዕርቅ ፍትሕ የሚሆነው መቼ ነው?

ናይሮቢ ውስጥ፣ ኢስሊ በሚባለው ሰፈር፣ እንጀራ እየጋገረች ለምግብ ቤት የምታስረክብ አንዲት ሴት ትታሰብ። ሰባት ወር ሙሉ በዱቤ ያስረከበችው እንጀራ ዋጋ 180 ሺህ የኬንያ ሽልንግ ደርሷል። የምግብ ቤቱ ባለቤት የገበያውን መቀዝቀዝና የኪራዩን መክበድ እያነሣ «ዛሬ ነገ» ይላታል። እርሷ ደግሞ የጤፍ ነጋዴው ዕዳ አለባት፤ እርሱ የሚቀበላት ምክንያት የለም። በመጨረሻ እንደ ወጉ ሽማግሌ ትልካለች። ሦስት የተከበሩ ሰዎች እሑድ ከሰዓት በኋላ ይቀመጣሉ፤ ቡና ይፈላል፤ ሁለቱም ወገን ይደመጣል። ከብዙ ንግግር በኋላ ሽማግሌዎቹ፣ «ልጄ፣ ሰው ከገንዘብ ይበልጣል፤ ግማሹን ይሰጥሻል፤ ግማሹን ስለ እኛ ብለሽ ተዪው» ይሏታል። ሽማግሌ ማሳፈር ነውር ነውና ትስማማለች። ሁለቱ ይሳሳማሉ፤ ምርቃት ይደረጋል፤ ጉባኤው ይበተናል።

ያን ዕለት ማታ ይህች ሴት ወደ ቤቷ ስትመለስ ያገኘችው ነገር ምንድን ነው? ፍትሕ ነውን? ሰላም ነውን? ወይስ ድሃ በመሆኗ የከፈለችው ግብር? ጥያቄው የአንዲት ሴት ብቻ አይደለም። በአዲስ አበባም ሆነ በካምፓላ፣ በሐርጌሳም ሆነ በኪጋሊ፣ ጠበቃ ለማቆም አቅም የሌለው ሰው ሁሉ በቅርቡ የሚያገኘው፣ ብዙም የማያስወጣው ዳኝነት የሽማግሌዎች ዳኝነት ነው። ስለዚህ የሽምግልና ምግባር ሲመረመር የድሃው ፍትሕ አብሮ ይመረመራል።

በቅድሚያ ሰው ከፍርድ ቤት ይልቅ ሽማግሌን ለምን እንደሚመርጥ በቅንነት ማየት ይገባል። ፍርድ ቤት መሄድ ወጪ ነው። የዳኝነት ክፍያ አለ፤ የጠበቃ ዋጋ አለ፤ በየቀጠሮው የሚባክን የሥራ ቀን አለ። በኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አቅም የሌለው ሰው የዳኝነት ሳይከፍል በደሃ ደንብ እንዲከስ መንገድ ከፍቷል፤ ይሁንና ይህ መብት ክፍያውን እንጂ ቀጠሮውን አያነሣም። በባዕድ አገር ለሚኖር ሰው ደግሞ ቋንቋውና የመኖሪያ ወረቀቱ ጉዳይ ይጨመራል። ወረቀቱ ያልተሟላለት ሰው የፍርድ ቤትን ደጅ የሚያየው የፖሊስን ደጅ በሚያይበት ዓይን ነው።

ሽምግልና የሚመረጠው ግን በርካሽነቱ ብቻ አይደለም። ፍርድ ቤት «ማን ምን ፈጸመ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ማስረጃም ይመዝናል። ሽማግሌ «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ብሎ ከዚያ አልፎ ይሄዳል፤ ጠቡ ከየት እንደ ጀመረ፣ ማን በማን ላይ ምን ቅሬታ እንደ ያዘ፣ ነገ በአንድ ዕድር ለቀብር የሚገናኙ ሰዎች እንዴት ፊት ለፊት እንደሚተያዩ ያስባል። ፍርድ ቤት አንዱን ረቺ ሌላውን ተረቺ አድርጎ ያሰናብታል። ሽማግሌ ግን ሁለቱንም ጎረቤት አድርጎ መመለስ ይሻል። በአንድ መንደር፣ በአንድ ገበያ፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ለሚኖሩ ሰዎች ይህ ታላቅ ጥቅም ነው።

የቀጣናው ሕጎችም ይህን ጥቅም አልናቁትም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለዕርቅ ራሱን የቻለ ስፍራ ሰጥቶ ነበር። አንድ አስተዋይ መርሕም አኑሮ ነበር፤ አስታራቂው ያቀረበው የስምምነት ሐሳብ ተከራካሪዎቹ ራሳቸው በጽሑፍ ካላጸደቁት በቀር አያስገድዳቸውም። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የግልግል ዳኝነትና የዕርቅ አሠራር ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1237 ደግሞ ለዘርፉ አዲስ ማዕቀፍ ሰጠው። በኬንያ እ.ኤ.አ. በ2010 የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 159 ፍርድ ቤቶች ዕርቅንና ባህላዊ የሙግት መፍቻ መንገዶችን እንዲያበረታቱ ያዝዛል። በሩዋንዳ «አቡንዚ» የሚባሉ፣ ትርጉሙም «አስታራቂዎች» የሆነ፣ ነዋሪው በቅንነታቸው የሚመርጣቸው ሰዎች እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በሕግ ተቋቁመው ያለ ክፍያ ያስታርቃሉ፤ ከአባላቱ ቢያንስ 30 በመቶ የሚሆኑት ሴቶች እንዲሆኑም ተደንግጓል። በኡጋንዳ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ሕግ ከመንደር ጀምሮ የአካባቢ ምክር ቤት ችሎቶችን አጽንቷል። በሶማሌዎች ዘንድ መንግሥት በፈረሰባቸው ዓመታት እንኳ «ሄር» የሚባለው የአባቶች ሕግ ደምን በካሳ ሲያደርቅ ኖሯል።

እንግዲህ ሽምግልና መልካም ከሆነ፣ ሕግም ካወቀው፣ የእንጀራ ጋጋሪዋ ጥያቄ ስለምን አይዘጋም? ምክንያቱም አበው ራሳቸው ሌላ ነገር ተናግረዋልና። «በፍርድ ከሄደችው በቅሎዬ ይልቅ ያለ ፍርድ የሄደችው ጭብጦዬ ትቆጨኛለች» ይላሉ። በቅሎ ትልቅ ሀብት ናት፤ ጭብጦ ግን ለአንድ ጊዜ ረኃብ ማስታገሻ የምትሆን ቁራሽ ናት። ሰው በቅሎውን አጥቶ የሚጽናናው፣ ጭብጦውን አጥቶ የሚብሰለሰለው ስለ ምንድን ነው? የሚያቆስለው የጉዳቱ መጠን አይደለም፤ ተሰምቶ፣ ተመዝኖ፣ ምክንያቱ ተነግሮት አለመሄዱ ነው። ተረቱ ለፍርድ ቤት ብቻ አይመሰክርም፤ ፍርድ በዛፍ ጥላ ሥርም ሊገኝ ይችላልና። የሚመሰክረው ያለ ምዘና በሚደረግ ዕርቅ ላይ ነው።

የሽምግልና ትልቁ ፈተናም ከዚሁ ይነሣል። ሽማግሌ ሰላምን ሲሻ፣ ሰላም ቶሎ የሚገኘው ደካማው ወገን ሲለሰልስ ነው። ባለ ሀብቱ ቢያኮርፍ ዕድሩ መዋጮ፣ በዓሉም ድግስ ያጣል፤ እንጀራ ጋጋሪዋ ብታኮርፍ ግን የሚጎድል ነገር የለም። ስለዚህ ማንም ክፉ ሳያስብ፣ «ተዪው» የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ ወደ እርሷ ያዘነብላል። ይህ የአንድ ሰፈር ችግር አይደለም። በ«ሄር» ሥርዓት ካሳ የሚከፍለውም የሚቀበለውም በጎሣ የተሰባሰበ ቡድን በመሆኑ፣ ብርቱ ጎሣ ያለው ሰው ጋሻ ሲኖረው አናሳ ጎሣ ያለው ሰው ድምፁ ይሳሳል። በኢትዮጵያም የ1952ቱ ሕግ የፍቺን ጉዳይ ለቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ሰጥቶ ነበር፤ በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ግን ጋብቻን በፍቺ የማፍረስ ሥልጣንን ለፍርድ ቤት አድርጎ፣ ሽማግሌዎችን በማስታረቅ ተግባር ብቻ ወሰናቸው።

ከዚህም የጠለቀ ጥያቄ አለ። ይቅርታ የማን ሀብት ነው? እ.ኤ.አ. በ2013 በናይሮቢ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በነፍስ ግድያ የተከሰሰ ሰው ጉዳይ፣ የሁለቱ ቤተሰቦች ሽማግሌዎች ተቀምጠው፣ የሟች ወገን እንደ ሃይማኖቱና እንደ ባህሉ ካሳ ተቀብሎ ስለታረቀ፣ ዐቃቤ ሕግ ክሱን እንዲያነሣ ተፈቀደለት። ውሳኔው በሕግ አዋቂዎች ዘንድ ብዙ አነጋገረ። ከአንድ ወገን ሲታይ፣ ደም መቃባትን የሚያቆም ዕርቅ ለሁለት ቤተሰብ ልጆች ሕይወት ነው። ከሌላ ወገን ሲታይ ግን የተበደለው ሟቹ ነው፤ እርሱ ደግሞ አልተጠየቀም። ዘመድ የራሱን ኀዘን ይቅር ሊል ይችላል፤ የሌላውን በደል ይቅር ማለት ግን ከእጁ ያልገባውን ገንዘብ እንደ መስጠት ነው። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» የሚባለው ለዚህ ነው። እንጀራ ጋጋሪዋም ብትሆን፣ 90 ሺህ ሽልንግ «ስለ እኛ» ተብሎ ሲተው፣ የሰጠችው እርሷ ሆና ሳለ የተመሰገኑት ሽማግሌዎቹ ናቸው።

ይህን የሰማ ሰው፣ «እንግዲያስ ሁሉም ወደ ፍርድ ቤት ይሂድ» ሊል ይችላል። ይህ ግን ፈጥኖ መደምደም ነው። ባለዕዳውም ይደመጥ። ምናልባት በእውነት ከስሯል፤ ምናልባት ሙሉ ዕዳውን ቢፈረድበት ምግብ ቤቱን ዘግቶ እርሷም አንድ ሽልንግ ሳታገኝ ትቀራለች። ፍርድ ቤት ዕዳውን ሊያረጋግጥ ይችላል፤ የሌለውን ገንዘብ ግን ሊያስገኝ አይችልም። ሽማግሌ በዚህ ጊዜ ከዳኛ የተሻለ የሚያደርገው ነገር አለ። ይህም «አልችልም» የሚለውን ከ«አልፈልግም» የሚለው መለየት ነው። ሰውየውን ያውቀዋል፤ ኑሮውን ያያል። በእውነት ካልቻለ ለተበዳይዋ የሚመክረው ዕዳውን መቀነስ ብቻ አይደለም፤ ጊዜ መስጠትም አለ። በየወሩ 15 ሺህ ሽልንግ ቢከፈል በዓመት ውስጥ ዕዳው ያልቃል። ጊዜ መስጠት ምሕረት ነው፤ መብትንም አይሽርም። ግማሹን መሻር ግን ምሕረት የሚሆነው ሰጪዋ ወድዳ ስትሰጠው ብቻ ነው።

የነገሩ ቁልፍ «ወድዳ» የሚለው ቃል ነው። ሰው ወዶ ተስማማ የሚባለው እምቢ ማለት ይችል በነበረ ጊዜ ነው። እምቢ ብትል የምትሄድበት የሌላት ሴት «እሺ» ያለችው ስምምነት ሳይሆን እጅ መስጠት ነው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 የግልና የቤተሰብ ክርክሮች በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ እንዲዳኙ ሲፈቅድ የተከራካሪዎችን ፈቃድ ቅድመ ሁኔታ ያደረገው፣ የሩዋንዳው ሥርዓትም በአቡንዚ ውሳኔ ያልረካ ሰው ወደ ፍርድ ቤት እንዲሄድ በር የተወው በዚሁ ምክንያት ነው። ፍርድ ቤትና ሽምግልና ባላንጣዎች ተደርገው ይቆጠራሉ፤ ነገር ግን ለድሃ ሰው የተከፈተ ፍርድ ቤት ባለበት አገር ሽማግሌም ይበልጥ ፍትሐዊ ይሆናል። ባለዕዳው «ከዚህ ብወጣ የምጠየቅበት ደጅ አለ» ብሎ ያስባልና።

በዚህ ረገድ የሴትየዋ ደጅ ጨርሶ የተዘጋ አይደለም። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2016 ሕጉን አውጥታ በ2021 ሥራ ያስጀመረችው የአነስተኛ ክርክሮች ፍርድ ቤት እስከ አንድ ሚሊዮን ሽልንግ የሚደርሱ የዕቃ ሽያጭና የገንዘብ ክርክሮችን ያያል፤ በጥብቅ የማስረጃ ደንብ አይታሰርም፤ በ60 ቀናት ውስጥም እንዲወስን ሕጉ ያዝዛል። የእርሷ 180 ሺህ ከዚህ ወሰን በታች ነው። ናይሮቢ ውስጥ ኪቱዎ ቻ ሼሪያን የመሰሉ ድርጅቶች ለአቅመ ደካሞች የሕግ ምክር ይሰጣሉ፤ በኢትዮጵያም የዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ትምህርት ቤቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት አሏቸው። ከዕውቀት የተለየ መብት ግን የተቆለፈ ሳጥን ነው። ሽማግሌው ይህን እያወቀ ዝም ካለ፣ ዝምታው ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ ሚዛን ይሆናል።

ስለዚህ ከሽማግሌ የሚጠበቀው ብዙ ወጪ የማይጠይቅ፣ ግን ድፍረት የሚጠይቅ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ ለሁለቱም ወገን «ካልተስማማችሁ ሌላ ደጅ አለ፤ እኛም አንቀየምም» ብሎ መናገር። ደካማውን ወገን ለብቻው ጠርቶ በፈቃዱ መሆኑን መጠየቅ። ጉዳዩ ሴትን ሲነካ ከሽማግሌዎቹ መካከል ሴት እንድትኖር ማድረግ። የምሳውንና የመጓጓዣውን ወጪ ከአንድ ወገን ብቻ አለመቀበል። የተስማሙበትን በሚገባቸው ቋንቋ ጽፎ ለሁለቱም መስጠት። ድብደባና መደፈር በመሳሳም የሚሸፈኑ ጠቦች አለመሆናቸውን ማወቅ። በመጨረሻም «ተዪው» ከማለት በፊት ለምን እንድትተው እንደተጠየቀች ምክንያቱን መናገር። ምክንያት የተነገረበት ዕርቅ ፍርድ ነው፤ ምክንያት የሌለበት ዕርቅ ግን ልመና ነው።

አንዳንዶች ይህ ሁሉ የሽማግሌን ክብር ይቀንሳል ይሉ ይሆናል። «ሽማግሌ ተናግሮ እምቢ ከተባለ ሽምግልና ምን ቀረው?» ብለው ይሠጋሉ። ነገር ግን የሽማግሌ ክብር ከፍርሃት የተሠራ አልነበረም። እንደ ፖሊስ ዱላ፣ እንደ ዳኛ ማኅተም የለውም፤ ያለው የሰው አመኔታ ብቻ ነው። አመኔታ ደግሞ እምቢ ማለት የሚችል ሰው እሺ ሲል ይበረታል።

እንጀራ ጋጋሪዋ ያን እሑድ ማታ ሊጡን ስታቦካ ሁለት ነገር ልታስብ ትችላለች። ገንዘቧን ሙሉ በሙሉ ባታገኝም ነገሯ ተሰምቶ፣ ደብተሩ ተገልጦ፣ የባለዕዳው ችግር ተመዝኖ፣ የተወችውን በገዛ እጇ ትታው ከሆነ፣ በቅሎዋ በፍርድ ሄዳለች፤ እንቅልፍ ይወስዳታል። «ዝም በዪ» ተብላ ከሆነ ግን፣ የሄደባት አንድ እንጀራ ብቻ ቢሆን እንኳ ሌሊቱን ሙሉ ስትቆጭ ታድራለች። ሰኞ ጠዋት ሁለቱ በገበያ ሲገናኙ ሰላምታ ይለዋወጡ ይሆናል። ያ ሰላምታ ከልብ ይሁን ከአንገት በላይ የሚወስነው እሑድ ዕለት እምቢ ማለት ትችል እንደ ነበር ነው።