«አሸክሙኝ» ማለት ነውር ነውን?

ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም በሚያወጣው መንገድ ማገዶ ተሸክመው ሲወርዱ የኖሩትን እናቶች ያላየ የአዲስ አበባ ሰው ጥቂት ነው። ከእነርሱ አንዷ ሸክሟን ከማንሣቷ በፊት አጠገቧ ያለውን ሰው «አሸክሙኝ» ትላለች። በዚህ አታፍርም፤ ያሸከማትም ሰው እንደ ደካማ አይቆጥራትም።

በዚሁ ተራራ ላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 3,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ እያንዳንዳቸው የ1 ሜትር መስታወት ያላቸው ሁለት የከዋክብት መመልከቻዎች ተተክለዋል። ማዕከሉ የዶክትሬት ተማሪዎችንም ሲያሠለጥን ቆይቷል። ከዋክብት የሚታዩት ሌሊት ነው፤ የሕፃን ትኩሳትም የሚብሰው ሌሊት ነው። እንግዲህ በዚህ ሙያ የምትማር አንዲት እናት እናስብ። ልጇ ታሞባት ሥራዋ ቢዘገይ ለአማካሪዋ ምን ትበል?

ብዙዎቻችን፣ አባቶችም ጭምር፣ «መብራት ጠፍቶ ነው»፣ «ኮምፒውተሩ ተበላሽቶ ነው» እንላለን። «ልጄ ታሞ ነው» ማለት ስንፍና ይመስለናል። ነገር ግን ችግራችሁን በሐሰት ስም ከጠራችሁት የሚሰጣችሁ መፍትሔም የሌላ ችግር መፍትሔ ነው። አማካሪው ሌላ ኮምፒውተር ይፈልግላችኋል፤ ቀኑን ግን አያራዝምላችሁም።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ለወላድ ሠራተኛ 120 ቀን፣ ለአባት 3 ቀን ፈቃድ ደንግጓል። የልጅ ሐቅ ግን በእነዚህ ቀናት አያልቅም፤ ዶክትሬቱም ዓመታት ይፈጃል። ከዚያ በኋላ ተማሪንና አማካሪን የሚያቆማቸው መተማመን ነው።

ሰልማን አል-ፋሪሲ (ረ.ዐ.) ወዳጃቸው አቡ ደርዳእ (ረ.ዐ.) በዒባዳ ብዛት ቤተሰባቸውን ሲዘነጉ አይተው፣ ለባለ ሐቅ ሁሉ ሐቁ እንዲሰጥ መከሩ። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ምክሩን አጸደቁት። ዒባዳ እንኳ ያላስቀረውን የቤተሰብ ሐቅ የመመረቂያ ጽሑፍ ያስቀረዋልን?

ሆኖም አማካሪውም ባለ ሐቅ ነው። ጊዜው አማና ነው። ስለዚህ ልጅ ሳይወለድ በፊት ንገሩት፤ የትኛው ምዕራፍ መቼ እንደሚደርስ በጽሑፍ ተስማሙ፤ ልጁ ሲታመም በዚያው ቀን አሳውቁ። ልጁ ደኅና ሳለ ግን ስሙን ለስንፍናችሁ መሸፈኛ አታድርጉ።

እናንተም አማካሪዎች! እውነቱን የነገራችሁን ተማሪ ከናቃችሁ፣ በሚቀጥለው ጊዜ የሚዋሻችሁ በእናንተ አስተማሪነት ነው። «አሸክሙኝ» ያላችሁን አሸክሙት፤ መንገዱን የሚሄደው እርሱ ራሱ ነው።

አላህ የሁላችንንም ሸክም ያቅልልልን።