የድመት ሽንት፣ የሳሎን ምንጣፍና ሶላታችን

 

የዛሬው ርእሳችን ለአንዳንዶች ተራ ነገር መስሎ ሊታይ ይችላል። ይሁን እንጂ ድመት ባለበት ቤት ሁሉ አንድ ቀን መድረሱ አይቀርም። ድመቷ ሳሎን መሐል ምንጣፉ ላይ ወይም ሶፋው ላይ ትሸናለች። ከዚያም ቤተሰቡ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወገን ሽቶ ይረጫል፣ ዕጣን ያጨሳል፣ ዑድ ይለኩሳል፤ ሽታው ሲጠፋለትም "በቃ ጸዳ" ብሎ እዚያው ላይ ይሰግዳል። ሌላው ወገን ደግሞ አሥር ጊዜ ካጠበ በኋላ ትንሽ ሽታ ሽው ካለው ሶላቱን ይጠራጠራል፣ የሰገደውን ይደግማል፣ ክፍሉን እስከ መዝጋት ይደርሳል። በመጨረሻ ሁለቱም ወገኖች የሚስማሙበት አንድ ነገር ይገኛል፤ እርሱም ድመቷን በጆንያ ከትቶ ሩቅ ሰፈር መጣል ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የሚስቱት አንድ ነገር ነው፤ ሁለቱም አፍንጫን ዳኛ አድርገው ሾመዋል። ሽታን መሸፈን ነጃሳን አያነሳም። በአግባቡ ከታጠበ በኋላ ሊለቅ ያልቻለ ሽታ መቅረቱም ቦታውን መልሶ ነጃሳ አያደርገውም። የጆንያውን ጉዳይ ወደ በኋላ እንመለስበታለን፤ ከሁሉም የሚከብደው እርሱ ነውና።

በቅድሚያ ድመቷንና ሽንቷን መለየት ያስፈልጋል። ድመት ራሷ ነጃሳ አይደለችም። አቡ ቀታዳ (ረ.ዐ) ዉዱእ ሊያደርጉ የልጃቸው ባለቤት ከብሻ ቢንት ከዕብ ውሃ ባቀረበችላቸው ጊዜ ድመት መጥታ ልትጠጣ ብትፈልግ ዕቃውን አዘንብለው አጠጧት። ከብሻ ተገርማ ስታያቸው፣ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ድመት ነጃሳ እንዳልሆነችና በዙሪያችን ከሚመላለሱት ወገን እንደሆነች መናገራቸውን ነገሯት። ሐዲሱን አቡ ዳዉድ፣ ቲርሚዚይ፣ ነሳኢይና ኢብኑ ማጀህ ዘግበውታል። ስለዚህ ድመት አፏን ያስገባችበት ውሃ ወይም የተኛችበት ሶፋ በዚህ ብቻ ነጃሳ አይሆንም። (የውሻ ጉዳይ የራሱ ሕግ ስላለው ከዚህ ጋር አናቀላቅለውም።)

ሽንቷ ግን ሌላ ነው። ሥጋቸው በሚበላ እንስሳት ሽንት ላይ ዑለማኦች ተለያይተዋል፤ ማሊኪዮችና ሐንበሊዮች ንጹሕ ነው ሲሉ፣ ሻፊዒዮች ነጃሳ ነው ይላሉ። ድመት ግን ከሚበሉት ወገን ስላልሆነች አብዛኞቹ ዑለማኦች ሽንቷን ነጃሳ ያደርጉታል። ስለዚህ ምንጣፉ መታጠብ አለበት። ጥያቄው እንዴት የሚለው ነው።

አስማእ ቢንት አቢ በክር (ረ.ዐ) ባስተላለፉትና ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ፣ አንዲት ሴት ልብስን የወር አበባ ደም ሲነካው ምን ይደረጋል ብላ ጠይቃ ነበር። የተሰጣት መልስ ቅደም ተከተል ያለው ነው፤ መጀመሪያ ደሙን መፈቅፈቅ፣ ቀጥሎ በውሃ ማሸት፣ ከዚያም ውሃ ማፍሰስና መስገድ። አስቀድሞ የነጃሳው አካል ይነሳል፤ ውሃው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በየቤታችን የሚሠራው ግን በአብዛኛው ተቃራኒው ነው። ሽንቱ እንደፈሰሰ ባልዲ ውሃ ይቀርባል፣ ጨርቅ ይነከራል፣ ይታሻል፣ ጨርቁ ተመልሶ እዚያው ባልዲ ውስጥ ይገባል። በሻፊዒይ መዝሀብ ትንሽ ውሃ ነጃሳ ሲገባበት ራሱ ይነጀሳል። ስለዚህ ያ ሰው አንዲት ሲኒ የምታህለውን ቦታ ሲያጥብ ውሎ የምንጣፉን ግማሽ ነጀሰው ማለት ነው። ውሃው ነጃሳው ላይ ይፈስሳል እንጂ ነጃሳው ውሃው ውስጥ አይነከርም።

ሽንቱ እርጥብ ሳለ ከተደረሰበት ደረቅ ፎጣ ወይም አሮጌ አንሶላ አጥፎ ከላይ መጫን፣ እንደውም በእግር ቆሞበት መርገጥ ነው፤ ማሸት አይደለም። ማሸት ሽንቱን ወደ ክሩ ሥር ይነዳዋል። ፎጣው ደርቆ እስኪወጣ ድረስ እየቀያየሩ መምጠጥ ይገባል። ከዚያ በኋላ ንጹሕ ውሃ ከማሰሮ ወይም ከጆግ ይፈስስበታል። በዚህ ጊዜ ከላይ ከሚታየው እድፍ ሰፋ ማድረግ ያሻል፤ ሽንት ከላይ ትንሽ መስሎ ከሥር ይንሰራፋልና። ውሃውንም በፎጣ ወይም ካለ ውሃ በሚመጥ ማሽን ማውጣት ነው።

በነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) መስጊድ ውስጥ የሸናውን የገጠር ዐረብ ታሪክ ሁላችንም እናውቀዋለን። ሰዎች ሊያቋርጡት ሲነሱ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) እስኪጨርስ እንዲተዉት አድርገው፣ በኋላ ባልዲ ውሃ እንዲደፋበት አዘዙ። ይህንን ሰምቶ ምንጣፉ ላይ ባልዲ ውሃ ገልብጦ የሚሄድ ሰው አለ። የዚያ መስጊድ ወለል አፈር ነበር፤ አፈሩ ውሃውን ይጠጣል። የእኛ ምንጣፍ ከሥሩ ሲሚንቶ ወይም ሴራሚክ ስለሆነ ውሃው መውጫ የለውም። ስለዚህ ሊነሳ የሚችል ምንጣፍ ከሆነ አውጥቶ አጥር ወይም ገመድ ላይ ሰቅሎ ከላይ ወደ ታች ማፍሰስ ከሁሉ የተሻለ ነው። የሶፋ ትራስ ከሆነ ልብሱን አውልቆ ለብቻው ማጠብ፣ ስፖንጁን ደግሞ ቧንቧ ሥር አድርጎ ውሃው እያለፈበት እየጨመቁ ማውጣት ነው። በክረምት ስፖንጅ ቶሎ ስለማይደርቅ ከውስጥ እንዳይሻግት ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ልብሱን አለመመለስ ይገባል።

ስንት ጊዜ? በአገራችን በስፋት በሚታወቀው የሻፊዒይ መዝሀብ የነጃሳው አካል ከተወገደ በኋላ ውሃ አንድ ጊዜ ቢያልፍበት ይበቃል፤ መጭመቅም ግዴታ አይደለም። በወሎና በሌሎችም አካባቢዎች ሲቀራ በኖረው በሐነፊይ መዝሀብ ደግሞ ሊጨመቅ የማይችል ነገር ሦስት ጊዜ ይታጠባል፤ በየመሐሉም ጠብታው እስኪቆም ይጠበቃል። ሁለቱም ዘንድ አሥር ጊዜ የለም።

አሁን ወደ ሽታው እንምጣ። የድመት ሽንት እጅግ የተጠራቀመ ነው። በውስጡ ያለውን ዩሪያ ባክቴሪያዎች ሲያፈርሱት አሞኒያ ይወጣል፤ ዓይን የሚቆጠቁጠው እርሱ ነው። ከዚህም በላይ ድመት ፌሊኒን የሚባል ንጥረ ነገር በሽንቷ ታስወጣለች፤ ይህም ሲፈርስ ድኝነት ያላቸው ሽታዎች ይፈጠራሉ። ባልተኮላሸ ወንድ ድመት ላይ ደግሞ በብዙ እጥፍ ይበረታል። ሽንቱ ትኩስ ሳለ ሽታው ቀላል ሆኖ በሦስተኛው ቀን የሚብሰው በዚህ ምክንያት ነው። ክሩ ሥር የቀረው ትራፊም እርጥበት ባገኘ ቁጥር እንደገና ይሸታል። ጸዳ የተባለው ሳሎን ዝናብ ሲመጣ መሽተት የሚጀምረው ለዚህ ነው። ዕጣኑና ዑዱ አየሩን እንጂ ክሩን አይነኩትም።

ለሽታው የሚጠቅሙ ነገሮች አሉ። በእኩል ውሃ የተበረዘ አቼቶ የቆየ ሽንትን አሞኒያ ያበርዳል። ከደረቀ በኋላ ቤኪንግ ሶዳ ነስንሶ አድሮ መጥረግ የቀረውን ይቀንሳል። በየሱፐርማርኬቱ ኢንዛይም ያለባቸው ማጽጃዎች ሲገኙ ከሁሉም የሚሻሉት እነርሱ ናቸው፤ ሽታ የሚያመጣውን ነገር ራሱን ያፈርሱታልና። ነገር ግን ጊዜ ይፈልጋሉ፤ ረጭቶ ወዲያው መጥረግ ገንዘብ መጣል ነው። ሁሉንም ቀለም እንዳይለቅ በማይታይ ጥግ ላይ አስቀድሞ መሞከር ይገባል። የፈላ ውሃ ግን አይደፋበት፤ ሙቀት ሽታውንና እድፉን ክሩ ላይ ሊያጸናው ይችላል።

በረኪናን በተመለከተ አጥብቀን እናስጠነቅቃለን። በረኪና ከሽንት አሞኒያ ጋር ሲገናኝ ክሎራሚን የሚባል ሳንባን የሚጎዳ ጋዝ ይወጣል። ከአቼቶ ጋር ሲቀላቀል ደግሞ የክሎሪን ጋዝ ይሆናል። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ይህንን የምትተነፍሰው በአብዛኛው ምንጣፍ እንድታጥብ የታዘዘችው ሠራተኛ ወይም የቤቱ ልጅ ናት። ለጠሃራ ብለን ሰው መመረዝ አይፈቀድልንም።

እዚህ ላይ ብዙዎች የማያስተውሉት የፊቅህ ነጥብ አለ። ኢማሙ አቡ ሐኒፋ (ረ.ዐ) ነጃሳን ሊያስወግድ በሚችል በማንኛውም ንጹሕ ፈሳሽ ማጽዳት ይቻላል ሲሉ ኮምጣጤንና የጽጌረዳ ውሃን ይጨምራሉ። በሻፊዒይ መዝሀብ ግን ነጃሳን የሚያነሳው ውሃ ብቻ ነው። ስለዚህ ሻፊዒይ የሆነ ሰው አቼቶውንና ኢንዛይሙን ለሽታው ይጠቀምባቸው፤ በመጨረሻ ግን ንጹሕ ውሃ ያሳልፍበት። ያለ ውሃ በኬሚካል ብቻ ለሚያጸዱ ላውንደሪዎች የተሰጠ ምንጣፍም እንዲሁ ነው፤ ሽታው ጠፍቶ፣ ቀለሙ አምሮ ሊመለስ ይችላል፤ የጠሃራው ጥያቄ ግን ገና አልተመለሰም።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ጥቂት ሽታ ወይም ትንሽ ቢጫ ምልክት ቢቀርስ? ኸውላ ቢንት የሳር (ረ.ዐ) ከታጠበ በኋላ ስለማይለቅ የደም ምልክት ጠይቃ ውሃው እንደሚበቃትና ምልክቱ እንደማይጎዳት መነገሯን አቡ ዳዉድ ዘግበዋል። የሻፊዒይ ፉቀሃኦችም ለማስለቀቅ ያስቸገረ ቀለም ብቻውን ወይም ሽታ ብቻውን ከቀረ ይቅር ይባላል፤ ሁለቱ አንድ ቦታ ላይ ተሰብስበው ከቀሩ ግን የነጃሳው አካል ገና መኖሩን ያመለክታል ይላሉ። መለኪያው ይኸው ነው። ከዚህ ያለፈው ወስዋስ ነው፤ የወስዋስ መድኃኒቱ ደግሞ ማጠብ ሳይሆን ፊት መንሳት ነው።

ገና ያልታጠበ ምንጣፍ ያለበት ቤተሰብም ሶላት አያቋርጥም። ምንጣፉ አንድ ጥግ ላይ ነጃሳ ቢኖር በሌላው ንጹሕ ጥግ መስገድ ይቻላል። ንጹሕ መስገጃ ከላይ አንጥፎ መስገድም ሶላቱን አያበላሽም። ደረቅ እግር ደረቅ ነጃሳ ላይ ቢያልፍ ምንም አይተላለፍም። ጥንቃቄ የሚያሻው ዉዱእ አድርገው በእርጥብ እግር ወደ ሳሎን ለሚገቡት ነው፤ ያንን ቦታ በእርጥብ እግር የረገጠ እግሩን መልሶ ማጠብ አለበት። ቦታው የት እንደሆነ ለቤተሰቡ፣ እንግዳም ሊሰግድ ከፈለገ ለእንግዳው መንገር ያስፈልጋል። አፍሮ ዝም ማለት በሌላው ሰው ሶላት መቀለድ ነው።

አሁን ወደ ጆንያው። አንዲት ሴት ድመትን አስራ ስላስራበች፣ እራሷም ከምድር ነፍሳት እንድትበላ ስላላሰናበተቻት በእርሷ ሰበብ መቀጣቷን ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት ሐዲስ ይናገራል። ቤት ውስጥ ያደገችን ድመት፣ አንዳንዴም ዓይናቸውን ያልገለጡ ግልገሎቿን ጭምር፣ በጆንያ አስሮ ገደል አፋፍ ወይም ቆሻሻ መጣያ ላይ የሚጥል ሰው ይህንን ሐዲስ አልሰማም ለማለት ይቸግራል። ምናልባትም የሚጥላት "ነጃሳ አስወገድኩ" በሚል ስሜት ነው። አይጥ ስታባርርለት የነበረችው እርሷው ነበረች። ማሳደግ ካልቻለ ለሚፈልጋት ሰው ይስጣት፤ ተቀባይ አይጠፋም።

ከዚህም ሌላ፣ ሁልጊዜ በአሸዋዋ ላይ ትሸና የነበረች ድመት ድንገት ምንጣፍ ላይ ብትጀምር በአብዛኛው ምክንያት አለው። አሸዋው ካልተለወጠ ድመት ትጸየፈዋለች። አዲስ ድመት ወይም አዲስ ሰው ቤት ሲገባም ትረበሻለች። የሽንት ፊኛ ሕመምም ሊሆን ይችላል። በተለይ ወንድ ድመት ደጋግሞ ተቀምጦ እያማጠ ጠብታ እንኳ ካልወጣው የሽንት መተላለፊያው ተዘግቶ ይሆናልና ሳይውል ሳያድር ወደ እንስሳት ሐኪም መውሰድ ያስፈልጋል፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊገድለው ይችላል። በዚህ ሁኔታ ላይ ያለን እንስሳ አፍንጫውን ሽንቱ ላይ እየደፈቁ መምታት ለአመል ማረሚያነትም አይጠቅም፤ ድመት ምን ሆኜ ተመታሁ ብሎ አያገናኘውም፤ ተደብቆ መሽናትን ብቻ ይማራል።

አሸዋ ወይም ሰጋቱራ የተሞላ ሰፋ ያለ ሣጥን በየቀኑ ከተጠረገ አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ በዚያው ያበቃል። ሣጥኑም ከምትበላበት ቦታ፣ ከመስገጃው ክፍልና ዉዱእ ከሚደረግበት ቧንቧ ራቅ ብሎ ይቀመጥ፤ በእርጥብ እግር የሚያልፍ ሰው እንዳይረግጠው።