ጎርፍን መለካት ፈጣሪን መፈታተን ነውን?

ወንዝ ሞልቶ ቤትና ከብት ሲወስድ በሀዲያም ሆነ በከምባታ፣ በቤተ ክርስቲያንም ሆነ በመስጊድ ቀድሞ የሚሰማው የፈጣሪ ፈቃድ ነው የሚለው ቃል ነው። ሐዘንተኛን ያጽናናልና ሊከበር ይገባዋል። ነገር ግን ይኸው ማጽናኛ መሬቱን ሸንሽኖ የሰጠው አካል መደበቂያ ሲሆን ዝም ማለት አይቻልም። ጎርፍ የት ድረስ እንደሚወጣ አስቀድሞ መገመትና በካርታ ላይ ማስመር ለባልንጀራ ነፍስ የመጠንቀቅ ግዴታ ነው፤ እየቻሉ መተውም በደል ነው ብዬ አምናለሁ።

ጥያቄው ዛሬ ይበልጥ አንገብጋቢ ነው። ሆሳዕና ከ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ጀምሮ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ናት፤ የከምባታዋ ዱራሜም እየሰፋች ነው። ለመሥሪያ ቤት፣ ለመንገድና ለመኖሪያ ሰፈር የሚፈለገው ሜዳ በደጋ አገር ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ወንዝ ዳር ነው። ከተማችን ከፍታ ላይ ናት፣ ጎርፍ አያሰጋትም የሚል ሰው ግማሹን ብቻ ነው የሚያየው። ትናንት ሣር የነበረው መሬት ቆርቆሮና ኮብልስቶን ሲለብስ ዝናቡ ወደ መሬት አይሰርግም፤ ተጣድፎ ወደ ባቴና ወንዝ፣ ከዚያም ወደ ብላቴ ወንዝ ይወርዳል። ብላቴ ደግሞ እስከ አባያ ሐይቅ ድረስ የሌሎችን ማሳና ደጃፍ እየነካ ያልፋል። በሻሾጎ ሜዳና በቦዮ ረግረግ ዙሪያ የሚኖረው ገበሬ ክረምት ምን እንደሚያመጣ ጠንቅቆ ያውቃል። ስለዚህ የሆሳዕና ፕላን የሚነካው ሆሳዕናን ብቻ አይደለም፤ ካርታውም የወረዳና የዞን ወሰን ላይ ሳይቆም ወንዙን ተከትሎ መውረድ አለበት።

ልኬት ትዕቢት ነው፣ የነገን የሚያውቅ አንዱ ብቻ ነው የሚሉ አሉ። የጎርፍ ግምት ግን ነገን አውቃለሁ አይልም። የመቶ ዓመት ጎርፍ የሚባለው በየዓመቱ ከመቶ አንድ ዕድል ያለው ጎርፍ ነው እንጂ መቶ ዓመት ጠብቆ የሚመጣ አይደለም። በ30 ዓመት ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ የመድረስ ዕድሉ ከመቶ 26 ገደማ ይሆናል፤ ቤት ሠርቶ ልጆቹን በዚያው ለሚያሳድግ ሰው ይህ ትንሽ ቁጥር አይደለም። በኦሪት ዘዳግም ቤት የሚሠራ ሰው ማንም ወድቆ ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን በሰገነቱ ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ታዟል። መቼ ማን እንደሚወድቅ ማወቅ አልተጠየቀም፤ መውደቅ እንደሚኖር ማወቁ በቂ ነበር። ኸሊፋ ዑመርም ወረርሽኝ ወዳለበት ሻም ከመግባት ሲመለሱ ከአላህ ውሳኔ ትሸሻለህን ተብለው ተጠይቀው፣ ሽሽቱም በዚያው ውሳኔ ውስጥ እንዳለ መልሰዋል። ጎርፉ የኃጢአት ቅጣት ነው ለሚልም በወንጌል የሰሊሆም ግንብ ወድቆ የገደላቸው 18 ሰዎች ከሌላው የባሱ በደለኞች እንዳልነበሩ ተነግሯል።

ይበልጥ የሚከብደው ተቃውሞ የባለሙያው ነው፤ መረጃው አጭርና ጎዶሎ ነው ይላል። እውነት ነው። በብዙ ወንዞቻችን ዳር የቆመው በሴንቲ ሜትር የተከፋፈለ የውሃ ከፍታ መለኪያ ዘንግ የሚነበበው ጠዋት 12 ሰዓትና ማታ 12 ሰዓት ነው። እኩለ ሌሊት መጥቶ ሳይነጋ ያለፈ ደራሽ ጎርፍ መዝገቡ ላይ የለም፤ ገዳዩ ግን እሱ ነው። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ በድሬዳዋ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ250 በላይ ሰው ሲፈጅ፣ ያ ወንዝ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነበር። የመዝገብ መጉደል ግን መስመሩን ወደ ወንዙ ለማስጠጋት ምክንያት አይሆንም፤ እንዲያውም መራቅን ያስገድዳል። ለዚህ ነው ጥሩ መሐንዲስ ከቀመሩ ጎን ለጎን ግድግዳ ላይ የቀረ የጭቃ መስመር፣ ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ተሰክቶ የደረቀ ሣር የሚፈልገው፤ ሽማግሌዎችንም ውሃው በአባቶቻችሁ ዘመን እስከየት ወጣ ብሎ የሚጠይቀው። የዝናቡ ጠባይ እየተለወጠ በመሆኑ ይህም ብቻውን አይበቃም፤ ካርታው በየጊዜው መታደስ ይኖርበታል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ የድሃው ጥያቄ ነው። ወንዝ ዳር የሚሰፍረው ሌላ አቅም የሌለው ነው፤ መስመሩ ሲሰመር ምትክ ሳይሰጠው ቢነሳ ከጎርፉ በፊት ካርታው አፈረሰው ማለት ነው። ባለሀብቱ ግን ያንኑ ዳርቻ ደልድሎ ግንብ ቢያቆም ውሃው ወደ ማዶው ጎረቤት ይገፋል። እንዲህ ያለ ካርታ ፍትሕ የለውም። መስመሩ ለሁለቱም እኩል ይሁን፤ ቀድሞ የሰፈረው ምትክ ቦታና ካሳ ያግኝ፤ ዳርቻውም ለግጦሽ፣ ለአትክልትና ለልጆች ኳስ ሜዳ ይዋል። ከዛሬ ጀምሮ ቦታ የሚመራ ሰው ከሊዝ ውሉ ጋር የጎርፍ መስመሩን የሚያሳይ ካርታ ይቀበል፤ የሰጠው ባለሥልጣንም ይፈርምበት።