ልጅሽን ይዘሽው ነይ

ልጄ፣ ሐኪሙ የልጅሽን ነገር ኦቲዝም ነው ካለሽ ወዲህ እንቅልፍ እንዳጣሽ እናትሽ ነግራኛለች። ጎረቤት የሚልሽንም አውቃለሁ፤ የጎንደሯ ጠዳ ናት፣ ምን ይሰወራል። አንዷ ቡዳ በልቶት ነው ትልሻለች፤ ሌላዋ የአያቱ እርግማን ነው ትላለች፤ ሦስተኛዋ ደግሞ ድምጿን ዝቅ አድርጋ እርጉዝ ሳለሽ ምን እንደሠራሽ ትጠይቅሻለች። ለአንዳቸውም መልስ አትስጪ። ልጅ አፉን ሳይፈታ ቢቆይ፣ ስሙን ሲጠሩት ዞር ባይል፣ የእናት ጥፋት አይደለም። ላጽናናሽ ብዬ እንዳይመስልሽ፤ የተመራመሩትም የደረሱበት ይኸው ነው።

እናትን መውቀስ የእኛ አገር ብቻም አይደለም። ሊዮ ካነር የሚባል ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1943 አሜሪካ ላይ ስለ ኦቲዝም ከጻፈ በኋላ፣ ለብዙ ዓመታት የተማሩት ሐኪሞች ሳይቀሩ ጥፋቱን ፍቅር ነፈገች በሚሏት እናት ላይ ሲጥሉ ኖረዋል። ይህን ወሬ የሰበረው በርናርድ ሪምላንድ የሥነ ልቦና ባለሙያ ነበር፤ ኦቲዝም ያለበት ልጅ አባትም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1964 መጽሐፉን ጻፈ፣ በማግስቱ ዓመት ከሌሎች ወላጆች ጋር ማኅበር አቋቋመ። ለንደን ላይም ወላጆች ቀድመው እ.ኤ.አ. በ1962 ተሰባስበው ነበር። ሐኪሞቹን ያስተማሯቸው ወላጆች ናቸው ብል አላጋነንኩም።

በአገራችንም መንገዱን የጀመረችው እናት ናት። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ የውበት ሙያ ትምህርት ቤት ከፍተው የሚሠሩ ሴት ነበሩ። ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት ሲያጡ ሌላ ሰው እስኪከፍት አልጠበቁም፤ እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ላይ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን መሠረቱ። በ2013 ዓ.ም. በሞት ቢለዩንም ማዕከላቸው አለ። ነህምያ ኦቲዝም ማዕከልም እንዲሁ ከወላጆች እጅ የወጣ ነው። ታዲያ ሁለቱም አዲስ አበባ ናቸው፣ ወረፋውም ረጅም ነው። አንቺ ጠዳ ነሽ። መንገዱ ሲዘጋ እንኳን አዲስ አበባ፣ ጎንደር መግባትም ይቸግራል። ማዕከል እስኪከፈትልሽ ብትጠብቂ ልጅሽ ጢም ያበቅላል።

ስለዚህ የምመክርሽ አንድ ነገር ነው፤ እንዳንቺ ያሉ እናቶችን ሰብስቢ። ሦስት ይበቃሉ። የት አገኛቸዋለሁ እንዳትዪኝ፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤት ለቤት ስለምትዞር የትኛው ቤት ጓዳ ውስጥ ልጅ እንዳለ ታውቃለች። አደራውን ለእሷ ስጪ፤ «ብቻዬን አይደለሁም ማለት የምትፈልግ እናት ካለች ቡና ትጠጣ» ብላ ትንገርልሽ። ስምሽን አስቀድመሽ ስጪ፤ ካንቺ በፊት ማንም ስሟን አትሰጥም። አዲስ አበባ ሁለት ሆስፒታሎች ውስጥ 102 አሳዳጊዎችን የጠየቀ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት አለ፤ ከመቶ 45ቱ በልጃቸው ሁኔታ እናፍራለን ብለዋል፣ ከመቶ 27 ያህሉ ደግሞ ነገሩን ለመደበቅ እንጥራለን ብለዋል። ልብ በይ፣ እነዚህ ሐኪም ቤት ድረስ የመጡት ናቸው። ያልመጡትን አስቢያቸው።

የማኅበርን አሠራር ማንም ሊያስተምርሽ አይገባም፤ ጽዋ ማኅበርና እድር ያሳደገሽ ልጅ ነሽ። ግን ሁለት ነገር ከዚያ አትውሰጂ። በታቦት ስም አታድርጉት፤ ሙስሊም እናትም ትኖራለች፣ የሷም ልጅ ያንቺው ዓይነት ነው። ድግስም አይኑር። ጠላና ዳቦ በተራ ይደገስ የተባለ ቀን ድኻዋ እናት ተራዋ ሲደርስ ታመምኩ ብላ ትቀራለች፤ ቀርታም አትመለስም። ቆሎና ቡና ይበቃል፣ ቡናውንም ሁሉም ከየቤቱ ቁንጥር ቁንጥር ያምጣ።

ከሁሉ በላይ ግን ልጅሽን ይዘሽው ነይ። አንዳንድ ወላጆች ሲሰበሰቡ ልጆቹን ቤት ቆልፈው ይመጣሉ፤ ተቀምጠው አልቅሰው ይበተናሉ። እንዲህ ያለው ስብሰባ ለቅሶ ቤት ነው፣ ልጁ በሕይወት ሳለ። ልጅሽ ይምጣ፤ ስኒ ይስበር፣ ይጩኽ፣ እጁን ያርገብግብ፣ ከሰው ጭን ላይ ቆሎ ይንጠቅ። ሌላ ቦታ ሁሉ ከኋላው እየሮጥሽ «ይቅርታ አድርጉልኝ» ስትዪ ትውያለሽ። እዚያ ይቅርታ የሚጠየቅ ሰው የለም። አንዲት እናት የሌላዋን ልጅ ሳትሳቀቅ አቅፋ ስታበላው ካየሽ፣ ማኅበሩ ሥራውን ጀምሯል ማለት ነው። ጤነኞቹን ወንድምና እህቶችም አምጡ፤ እነሱም ትምህርት ቤት የሚሰደቡት አላቸው፣ ማን ጠይቋቸው ያውቃል?

ከዚያ በኋላ ተማሩ። የዓለም ጤና ድርጅት ለእናንተ ዓይነት አሳዳጊዎች ያዘጋጀው ሥልጠና አለ፤ በአገራችንም ተሞክሯል። ከ2 እስከ 9 ዓመት ላሉ ልጆች ወላጆች ሲሆን፣ 9 ጊዜ በቡድን እየተሰበሰቡ ይማራሉ፣ 3 ጊዜ ደግሞ አሠልጣኙ ቤት ድረስ ይመጣል። የወደድኩለት፣ አሠልጣኙ የግድ ስፔሻሊስት ሐኪም መሆን የለበትም፤ የሠለጠነ የጤና ሠራተኛ ወይም ወላጅ ሊሆን ይችላል። ጠዳ ጤና ሳይንስ ኮሌጅ ደጃችሁ ላይ ነው፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲም በማኅበረሰብ አቀፍ ተሐድሶ ሲሠራ ዓመታት አስቆጥሯል። ሂዱና አንድ ሰው መጥቶ አብሯችሁ ይቀመጥ ብላችሁ ለምኑ። የምትማሩት ነገር ሩቅ አይደለም። ልጁ የሚወደውን ነገር ተከትለሽ አብረሽው ትጫወቻለሽ፤ ምስር ስትለቅሚ አንዷን ፍሬ እንዲያቀብልሽ ታደርጊያለሽ፤ ውኃ ሲፈልግ ከመስጠትሽ በፊት በጣቱ እስኪያሳይ ትንሽ ትታገሺዋለሽ፤ ሲያሳይ ደግሞ ታሞግሺዋለሽ። ሲጮኽ ክፋት ነው ከማለትሽ በፊት ምን ሊነግረኝ ፈልጎ ነው ብለሽ ትጠይቂያለሽ። ብቻሽን ስትሞክሪው በሳምንቱ ይሰለችሻል። ሌላዋ «የኔው እኮ ትናንት ጠቆመ» ስትልሽ ግን ሌላ ሳምንት ትገፊበታለሽ።

ስለ ጸበል ትጠይቂኛለሽ። እኔም አማኝ ነኝ፣ አትሂጂ አልልሽም። የሚጥል በሽታ ጭምር ያለበት ልጅ ግን የታዘዘለት መድኃኒት ለአንድ ቀን እንኳ አይቋረጥበት። በቀዝቃዛ ውኃ እያንቀጠቀጡ መንፈሱ ይጮኻል የሚሉትንም አትፍቀጂላቸው፤ የሚጮኸው ልጅሽ ነው። በገመድ የታሰረ ልጅ ያለበት ቤት ብታገኙ በስድብ አትግቡ። ያቺ እናት ልታርስ ወይም ገበያ ልትሄድ የሚጠብቅላት ሰው አጥታ ነው ያሰረችው። እየተፈራረቃችሁ ብትጠብቁላት ገመዱን ራሷ ትፈታዋለች።

ትምህርት ቤት ስትሄጂ ደግሞ ብቻሽን አትሂጂ። አንዲት እናት ስትመጣ ርዕሰ መምህሩ ነገ ነይ ይላታል፤ አምስት ሲመጡ ወንበር ያስመጣል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ላይ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአካልና ለአእምሮ ጉዳተኞች ድጋፍ እንዲሰጥ ይላል። «አቅሙ በፈቀደ መጠን» የምትለዋ ሐረግ ለሰነፍ ሹም መደበቂያ እንደምትሆን አላጣሁትም፤ ቢሆንም ተጽፏል። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች፤ ልጆቹ ከሌሎች ጋር አብረው እንዲማሩ የሚለው እዚያ ውስጥ አለ። በማኅበራችሁ ፊደል የማይያዝላቸው ልጆች እናቶችም ይግቡ። ላምና በሬውን በመልኩ ለይቶ የሚያውቅ፣ ሂሳቡን በቃሉ የሚያሰላ፣ «ለ»ና «ሰ» ሲጻፉ ግን የሚምታቱበት ልጅ አለ። ሰነፍ እየተባለ ይገረፋል። ይህም የማንበብ ችግር ነው፣ በዱላ አይለቅም፤ ድምፁን ከፊደሉ ጋር ቀስ አድርጎ የሚያለማምደው መምህር ያሻዋል።

ስትታወቁ ስም ዝርዝር የሚጽፍ ሰው ይመጣል፤ ዘይትና ዱቄት ይሰጣችኋል። ተቀበሉ፣ ማን ይጠላል። ግን ማኅበሩ በዱቄት ላይ ከቆመ ዱቄቱ ሲያልቅ ይፈርሳል፤ ሰው ልጁ ሳይታመም የሚመዘገብበትም ይሆናል። አባቶችንም አስገቧቸው። እድር ላይ ዳኛ ሆኖ የሚፈርድ ወንድ፣ ልጁን ጭኑ ላይ አስቀምጦ አንድ ሰዓት መቀመጥ አያቅተውም። ባልሽ አላፊው አግዳሚው ያየኛል ብሎ እንደሚፈራ አውቃለሁ። ሌላ አባት ተቀምጦ ሲያይ ይቀላል፤ አንደኛውን ማምጣት ነው ጭንቁ።

በመጨረሻም ማንም ጮክ ብሎ የማያነሳው ጥያቄ አለ፤ እኔ ስሞት ማን ይይዘዋል? ሳትፈሩ አንሱት። አንድ ደብተር ግዙ። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ገጽ ይኑረው፤ ምን እንደሚበላ፣ ምን እንደሚያስደነግጠው፣ ውኃ ሲፈልግ በምን ምልክት እንደሚጠይቅ፣ መድኃኒቱ ምን እንደሆነና በስንት ሰዓት እንደሚሰጠው፣ ከእናቱ ሌላ ማን ሲይዘው እሺ እንደሚል ይጻፍበት። ያልተማረችዋ ትናገር፣ የተማረችዋ ትጻፍላት። ልጁ ባደገ ቁጥር ጠባዩ ስለሚለዋወጥ በየስድስት ወሩ ታድሱታላችሁ። ደብተሩ የማኅበሩ ሰብሳቢ ዘንድ ይቀመጥ፤ ቅጂውም ጤና ኬላው ዘንድ ይኑር።