አትንገረኝ

የካቲት 29፣ እሁድ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ፣ ሜልቦርን ውስጥ አምስት ቀይ መብራቶች በየተራ ይበሩና አንድ ላይ ይጠፋሉ። ያን ጊዜ የ2026 የፎርሙላ ዋን የውድድር ዘመን ይጀመራል። ይህን የምጽፈው ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ነው፤ እንቅልፍም እየጠፋብኝ ነው። ቢሮ በአንደኛው ስክሪን ኮድ እየጻፍኩ በሌላኛው የባህሬኑን ሙከራ የዙር ሰዓቶች አያለሁ። ማታ አልጋ ውስጥ ሆኜ የአዲሶቹን መኪኖች የፊት ክንፍ ፎቶ እያጎላሁ አወዳድራለሁ። ሠላሳ ሊሞላኝ ትንሽ ነው የቀረኝ። መኪና የለኝም፤ መንጃ ፈቃድም የለኝም።

በየዓመቱ እንዲህ ያደርገኛል፤ የዘንድሮው ግን ባሰ። ሕጉ ከሥሩ ተቀይሯል። እስካሁን 120 ኪሎ ዋት ይሰጥ የነበረው የኤሌክትሪክ ሞተር ዘንድሮ 350 ይሰጣል፤ ከመኪናው ጉልበት ግማሽ ያህሉ ከባትሪ ሊመጣ ነው ማለት ነው። ክንፎቹ ቀጥ ባለው መንገድ ላይ ዝቅ ይላሉ፣ መታጠፊያው ላይ ይነሳሉ። አውዲና ካዲላክ ገብተው ቡድኖቹ 11 ሆነዋል። ማን ፈጣን እንደሆነ ደግሞ ገና አልለየም። በሙከራ ጊዜ ቡድኖች ነዳጅ ያበዛሉ፣ ሞተሩን ዝቅ አድርገው ይነዳሉ፤ ያላቸውን ይደብቃሉ። ስለዚህ ሰንጠረዡ ላይ የምታዩትን ቁጥር ማመንም አለማመንም ይከብዳል። እርግጡ ነገር አንድ ነው፦ ዛሬ ሁሉም ዜሮ ነጥብ ነው ያለው።

ባለፈው ሳምንት ይህንን ሁሉ ለአንድ የሥራ ባልደረባዬ ሳወራለት አቋረጠኝ። «መኪኖቹ እኮ ተሠርተው አልቀዋል» አለኝ። «ፈጣኑ ፈጣን ነው፣ ቀርፋፋው ቀርፋፋ ነው። አንተን የሚያጓጓህ ስለማታውቅ ብቻ ነው።»

መልስ አልነበረኝም፤ ምክንያቱም በሙያችንም እንደዚያው ነው። ስህተቱ ኮዱ ውስጥ የገባው ትናንት ነው፤ ፕሮግራሙ የሚወድቀው ዛሬ ነው። በመካከል ያለው ሰላማችን ያለማወቅ ሰላም ነው። እንግዲህ የሲዝን ዋዜማ ደስታም እንዲያው ከሆነ፣ ሰው ባለማወቁ ብቻ የሚያገኘው ደስታ እውነተኛ ደስታ ነው ወይ? በሌላ ጊዜ ቢሆን ስቄ አልፈው ነበር። ነገር ግን በ2016 ዓ.ም. በእኔና በታናሽ ወንድሜ መካከል ያለፈ ነገር አለ፤ ጥያቄውን ስሰማ እሱ ትዝ አለኝ።

የተወለድነው ላይ ጋይንት፣ ነፋስ መውጫ ነው። ከወረታ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ የሄደ ሰው ያውቃታል፤ ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተቀመጠች፣ ስሟን የሚመስል ብርድ ያላት ከተማ ናት። ወንድሜ ከእኔ ስድስት ዓመት ያንሳል። ፎርሙላ ዋን ያስለመድኩት እኔ ነኝ፤ አሁን ግን ከእኔ ይበልጣል። የሜክሲኮ ከተማው ውድድር 2200 ሜትር ከፍታ ላይ እንደሚካሄድ፣ አየሩ በመሳሳቱም ሞተርና ፍሬን ማቀዝቀዝ እንደሚያስቸግር ሲሰማ «እኛ ጋ ቢመጡማ ይቃጠላሉ» ብሎ ሲስቅ ከረመ። ወደ ጨጨሆ የሚወስደውን ጠመዝማዛ መታጠፊያ በመታጠፊያ በደብተሩ ሥሎ፣ የት ላይ መቅደም እንደሚቻል ምልክት አድርጎበታል።

ከሕጉ ሁሉ የሚወደው ስለ ነፋስ ዋሻ የሚለውን ነው። ቡድኖች የመኪናቸውን ቅርጽ የሚሞክሩት ነፋስ በሚነፋበት ዋሻ ውስጥ ነው። ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንደኛ የወጣው ቡድን ከመደበኛው የሙከራ መጠን 70 በመቶውን ብቻ ይጠቀማል፤ ደረጃ በወረደ ቁጥር 5 በመቶ እየተጨመረ አሥረኛው 115 በመቶ ያገኛል። «ለደካማው ብዙ ነፋስ» ይላል ወንድሜ። «እኛ በዚህ ሕግ ዋንጫ መብላት ነበረብን።»

በሐምሌ 2015 መጨረሻ በክልሉ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የሞባይል ኢንተርኔትም ለብዙ ወራት ተቋረጠ። ስልክ አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ አይሠራም። ፎርሙላ ዋን በዚያ ሰሞን የበጋ ዕረፍቱ ላይ ነበር። ማክስ ቬርስታፐን ስምንት ውድድር በተከታታይ አሸንፎ ነው ዕረፍት የወጡት። ውድድሩ በነሐሴ መጨረሻ ሲመለስ እኔ ማየት ጀመርኩ፤ ለወንድሜ ግን ዕረፍቱ አላለቀም።

ስልክ የሠራ ቀን ደወልኩለትና ልነግረው አፌን ስከፍት «አትንገረኝ!» ብሎ ጮኸ። «ኢንተርኔት ሲመለስ ሁሉንም ከመጀመሪያው አያለሁ። ስለ ሌላው ነገር አውራኝ።»

እሺ አልኩ። ቀላል መስሎኝ ነበር። ቬርስታፐን አሥር አደረሰ፤ በተከታታይ አሥር ያሸነፈ ከእሱ በፊት አልነበረም። ከዚያ መስከረም 6፣ ሲንጋፖር ላይ ካርሎስ ሳይንዝ በፌራሪ አሸነፈ። በዚያ ዓመት ከተካሄዱት 22 ውድድሮች ሬድ ቡል ያላሸነፈው ያን አንዱን ብቻ ነው። ያሸነፈበት መንገድ ደግሞ ከማሸነፉ ይበልጣል። ከኋላው ላንዶ ኖሪስ አለ፤ ከኖሪስ ኋላ ሁለት ፈጣን መርሴዲሶች እየመጡ ነው። ሳይንዝ አምልጦ መሄድ ሲገባው ሆን ብሎ ቀዝቀዝ አለ፤ ኖሪስ ከአንድ ሰከንድ በታች ሆኖ የኋላ ክንፉን እንዲከፍት፣ በዚያም መርሴዲሶቹን እንዲከላከል። ተከታዩን እየረዳ ራሱን አዳነ። ይህን አይቼ ለማን ልንገር? ወንድሜን ሳገኘው «ሲንጋፖርን አየኸው?» አለኝ። ዝም አልኩ። «እንግዲያው ዝምታህ ራሱ ወሬ ነው» ብሎ ሳቀ። «ተወው፣ ተወው፣ እንዳትናገር።»

መጸውና ክረምቱ ያለፈው እንዲህ ነው ብል ደስ ባለኝ። ግን በእነዚያ ስልኮች ላይ እሱም የሚደብቀኝ ነገር ነበረው።

አያታችን የምትኖረው ስማዳ፣ ወገዳ አካባቢ ነበር። በሕመም ምክንያት እናቴ ዘንድ ነፋስ መውጫ መጥታ ነበር። ያሳደገችኝ እሷ ናት ማለት ይቻላል። በደወልኩ ቁጥር እጠይቃለሁ። አንድ ቀን በኅዳር መጨረሻ «አያቴን አገናኘኝ» አልኩት። ትንሽ ዝም ካለ በኋላ «አርፋለች» አለኝ። «አትቀስቅሳት በቃ» አልኩ። «ሕመሙስ?» «አሁን ምንም የሚያማት ነገር የለም» አለኝ። ከዚያ ስለ ሩጫው ወሬ ቀየረ፤ ሳቅን።

በታኅሣሥ ደመወዝ ስቀበል ሽሮ ሜዳ ሄጄ ጋቢ ገዛሁላት። ለጥምቀት የሚሄድ ሰው ካገኘሁ እልከዋለሁ ብዬ አጣጥፌ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት። ባየሁት ቁጥር ደስ ይለኝ ነበር። ከጥምቀት በፊት በአንድ ቅዳሜ ንጋት 11 ሰዓት ላይ በሬ ተንኳኳ። አጎቴና የጎረቤት ሰዎች ናቸው፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ማንም ምንም ሳይናገር ገባኝ። አያቴ ከሞተች አርባዋ ወጥቶ ነበር።

የሀገራችንን ልማድ ታውቃላችሁ። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ብቻውን ላለ ሰው አይነገርም። ሰው ተሰብስቦ፣ ሊቀ ሲል የሚይዘው ኖሮ፣ በንጋት ነው የሚነገረው። እናቴ «መንገድ ዝግ ነው፣ ለቀብር አይደርስ፤ ብቻውን ሆኖ ሰምቶ ምን ሊሆን ነው?» ብላ ወንድሜን አስምላዋለች። በዚያ ወቅት ሰው መላክም ሆነ መሰባሰብ ቀላል ስላልነበር ነው የዘገየው። ይህንን ሁሉ አውቃለሁ፤ ልማዱ ከፍቅር የመጣ እንደሆነም አውቃለሁ። ሆኖም ለወራት ወንድሜን ተቀይሜዋለሁ። የቆረጠኝ «አርፋለች» የሚለው ቃል ነው። አልዋሸኝም እኮ። ቃሉን የሰማሁት እኔ ነኝ፤ የገባኝ ግን የምፈልገው ብቻ ነው።

ስቆጣው «አንተስ?» አለኝ። «ለአራት ወር ሲንጋፖርን ይዘህ ዝም አላልክም?»

ያኔ የማይመሳሰል ነገር ያመሳሰለ መስሎኝ ይበልጥ ተናደድኩ። ቆይቼ ሳስበው ግን ጥያቄው ተገቢ ነው። ሁለታችንም የሆነውን ነገር እያወቅን ያላወቀውን ሰው ተስፋ ቁጭ ብለን አይተናል። እሱ ያለቀ ውድድር ይጠብቅ ነበር፤ እኔ የሞተች ሴት ጋቢ ለብሳ አያት ነበር። ልዩነቱ ምንድን ነው?

መጀመሪያ የመጣልኝ መልስ «እሱ ራሱ አትንገረኝ ብሎኛል፣ እኔ ግን አላልኩም» የሚል ነው። ትክክል ነው፤ ግን ሙሉ አይደለም። ሰው ስለ ልጁ ሕመም «አትንገሩኝ» ቢል ጥያቄውን አክብረን ዝም እንላለን? አንልም።

ሁለተኛው መልስ የመጣው ከወንድሜ ነው፤ እሱ ራሱ ሳያስበው። በ2016 ክረምት ኢንተርኔት ሲመለስ ውድድሮቹን አንድ በአንድ አውርዶ በቅደም ተከተል አየ። አንድ ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። መርዶ መስሎኝ እጄ እየተንቀጠቀጠ አነሳሁት። «ሳይንዝ!» አለኝ። «ሆን ብሎ ነው እኮ የጠበቀው! አየኸው አይደል? ኖሪስን ሆን ብሎ ነው የጠበቀው!» ውድድሩ ካለቀ አሥር ወር ሆኖታል። የእሱ ደስታ ግን ከዚያ ቀን ከእኔው ደስታ በምንም አያንስም። እንዲያውም እኔም ሁለተኛ ጊዜ ደስ አለኝ። አሥር ወር ባለማወቁ የጎደለበት ነገር የለም። ውድድሩ ሳይበላሽ ጠበቀው።

የአያቴ ሞት ግን ሊጠብቀኝ አይችልም ነበር። ሞቷ ከእኔ የሚፈልገው ነገር ነበረ፤ ማልቀስ፣ ባልደርስ እንኳን ባለሁበት ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ስሟን ማስጠራት፣ እናቴን በዚያች ሳምንት ማጽናናት። ያ ሁሉ ጊዜው አለፈ። በኋላ አለቀስኩ፤ ግን እናቴ እንባዋን ጨርሳ እኔን ስታባብል ነበር። ከእኔ የተወሰደብኝ ዜና ብቻ አልነበረም፤ ሥራዬን ነው የወሰዱብኝ።

ስለዚህ ለባልደረባዬ አሁን መልስ አለኝ። አዎ፣ ደስታዬ ካለማወቅ የመጣ ነው። አለማወቄ ግን ማንንም አይበድልም፤ ምክንያቱም ሜልቦርን ላይ የሚሆነው ነገር ከእኔ ምንም አይፈልግም። ብጮህ መኪናው አይፈጥንም፤ ብተኛ አይዘገይም። ገበሬ ዝናብ ሲጠብቅ እርሻውን አርሶ፣ ዘሩን አዘጋጅቶ ነው፤ የእሱ ተስፋ ግዴታ አለበት። እናት ልጇን ስትጠብቅም እንዲሁ። የእኔ የየካቲት ተስፋ ግን ግዴታ የለበትም። አንዳንድ ሰው ለዚህ ነው ከንቱ የሚለው። «ሀገር እንዲህ ሆኖ አንተ ስለ መኪና?» ያሉኝ አሉ፤ ጥያቄው አይከፋኝም። ከ1993 እ.ኤ.አ. ወዲህ አንድም ውድድር ወደ አፍሪካ እንዳልመጣ አውቃለሁ፤ የእኛ ሰው የሌለበት ጨዋታ ነው።

ግን እስቲ አስቡት። እኛ ጋ ስልክ ሲጮህ ልብ የሚደነግጥበት ጊዜ ነው። ስለ ቤተሰብ፣ ስለ መንገድ፣ ስለ ኑሮ የምንጠብቀው ዜና ሁሉ ክብደት አለው። እንዲህ ባለ ዘመን ውጤቱ ማንንም የማይገድል፣ ብንሸነፍም ቅዳሜ ለቅሶ የማያስቀምጠን አንድ ነገር በጉጉት መጠበቅ ነውር አይመስለኝም። ወንድሜ በዚያ ዓመት ከጨለማው ውስጥ ሆኖ የሚጠብቀው ጥሩ ነገር ነበረው። ያንን ማንም ሊቆርጥበት አልቻለም።

የሚያሰጋኝ ሁለቱ ተስፋዎች ሲደባለቁ ነው። ሩጫውን እንደ ሕይወት ይዞ የሚሰዳደብ ደጋፊ አለ፤ የሰውን ሕይወት ደግሞ እንደ ውጤት «ይቆየው፣ በኋላ ይሰማል» የሚል ዘመድ አለ። እኔ ሁለቱንም ሆኜ አይቻለሁ።

ጋቢውን ባለፈው ዓመት ወደ ቤት ስሄድ ይዤው ሄድኩ፤ አሁን እናቴ ትለብሰዋለች። ከወንድሜ ጋር በዚያው ሰሞን ጨጨሆ ድረስ ወጥተን ያን በደብተሩ የሣለውን መታጠፊያ እያየን ተስማማን። ስለ ሩጫ ካልጠየቅሁህ አትንገረኝ፤ ስለ ሰው ግን በዚያው ቀን ንገረኝ፣ ብቻዬንም ብሆን።

እሁድ ጠዋት እናቴ ቅዳሴ ትሄዳለች፤ ጾም ነው። ወንድሜ ኔትዎርክ ካለ በስልኩ ያያል። ከሌለ እኔ አይቼ ዝም እላለሁ።