መንገደኛው ማን ነው?

ዘካ ከሚገባቸው ስምንት ወገኖች አንዱ መንገደኛ (ኢብኑ ሰቢል) መሆኑን ታውቃላችሁ። ለመሆኑ በአገሩ ቤትና ንብረት ያለው ሰው፣ መንገድ ላይ በመሆኑ ብቻ ስለምን ከድሃው ጋር ተቆጠረ? ዑለማዎች የሚሰጡት መልስ ግልጽ ነው፤ ሀብቱ አብሮት የለም። ለእኔ ግን ከገንዘብ ሌላ የሚጎድለው ነገርም ያለ ይመስለኛል።

በሞሮኮ የጠንጃ ከተማ ተወላጅ የሆነው ኢብኑ በጡጣ በ725 ሂጅራ (እ.ኤ.አ. በ1325) ለሐጅ ሲነሳ ገና የ21 ዓመት ወጣት ነበር። በመንገድ ላይ ትኩሳት ስለያዘው ከኮርቻው እንዳይወድቅ ራሱን በጥምጣሙ አስሮ ተጓዘ። ቱኒስ ሲደርሱ የከተማው ሰው እንግዶቹን ሊቀበል ወጣ፤ ሁሉም ከሚያውቀው ጋር ሰላምታ ተለዋወጠ። እሱን «አሰላሙ ዐለይኩም» ያለው ግን አልነበረም፤ አለቀሰ። ከሑጃጁ አንዱ ይህን አይቶ ቀረበውና ሰላም አለው፤ ከተማ እስኪገቡም ሲያጫውተው ሄደ። ልብ በሉ፤ ሰውየው አንዲት ዲርሃም እንኳ አልሰጠውም። ኢብኑ በጡጣ ግን ከ30 ዓመት በኋላ ፌዝ ላይ ጉዞውን ሲያጽፍ ይህን አልረሳም።

በ1352 ደግሞ ከሲጂልማሳ ተነስቶ ሰሃራን ተሻገረ። ቤቱም መስጊዱም ከጨው ድንጋይ የታነጸ፣ ጣሪያው የግመል ቆዳ የሆነ ታግሃዛ የሚባል መንደር አየ። ከዚያ ወዲያ በረሃው የባሰ ነው። ስለዚህ ነጋዴዎቹ «ተክሺፍ» የሚሉትን መልእክተኛ ደብዳቤ አስይዘው ወደ ወላታ ያስቀድማሉ፤ የወላታ ሰዎችም የአራት ሌሊት መንገድ ወጥተው ውሃ ይዘው ይቀበሏቸዋል። መልእክተኛው በረሃ ከቀረ መምጣታቸውን የሚያውቅ የለምና ቅፍለቱ ያልቃል። የዚያ የአንድ ሰው ዋጋ 100 ምስቃል ወርቅ ነበር፤ አልተወደደም።

እዚህ ላይ ግን የሚከብድ ነገር አለ። ኢብኑ በጡጣ በ1353 ከተከዳ ወደ አገሩ የተመለሰው 600 ያህል ሴት ባሮች በሚነዱበት ቅፍለት ውስጥ ነው። አትላስ ተራራ ላይ በረዶ ሲገጥመው፣ በቡኻራና በሰመርቀንድ እንኳ እንዲህ ያለ አስቸጋሪ መንገድ አላየሁም ሲል ያማርራል። ስለ ሴቶቹ ግን ቁጥራቸውን ነግሮን ያልፋል። ሰላም የሚለው አጥቶ ያለቀሰው ያ ወጣት የት ሄደ? «ዘመኑ ነው» ይባል ይሆናል። ነገር ግን መንገደኛን የሚጠቅሰው ያው የሱረቱ ተውባ አንቀጽ ባሮችን ነፃ ለማውጣትም ድርሻ መድቧል፤ እሱ ደግሞ ቃዲ ነበር። መንገደኛ የሆነ ሁሉ መንገደኛን ያያል ማለት እንዳልሆነ ከዚህ ይገባኛል።

ያ በረሃ ዛሬም ሰው ይሻገርበታል። የእኛም ልጆች በሱዳን አድርገው ወደ ሊቢያ ዘልቀዋል፤ በኩፍራና በበኒ ወሊድ ታግተው ቤተሰቦቻቸው የማስለቀቂያ ገንዘብ የተጠየቁባቸው ብዙ ናቸው። ተክሺፉ ውሃ ለማስላክ ይቀድም ነበር፤ የዛሬው ደላላ የሚቀድመው ዋጋ ለመነጋገር ነው። ስልኩ የተደወለለት ጎረቤት ወደ እናንተ ሲመጣ ምን ትሉታላችሁ? «በገዛ ፈቃዱ ነው የሄደው» የሚል ሰው ሰምቻለሁ። ኢብኑ በጡጣም ከጠንጃ የወጣው በገዛ ፈቃዱ ነበር።