ከአጥር ያለፈ ቅርንጫፍ

በጓሮው የፍራፍሬ ዛፍ ያለው ሰው፣ ልፈላሰፍ ብሎ ባይነሳም እንኳ፣ በየዓመቱ አንድ የፍልስፍና ጥያቄ ደጁን ያንኳኳል። ፍሬው የማነው? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ዛፉ የቆመው በግቢዬ ውስጥ ነውና የኔ ነው ብሎ መገላገል ይቻላል። ዳሩ ግን ቅርንጫፉ አጥሩን ተሻግሮ በመንገደኛው ራስ ላይ ሲንጠለጠል፣ የሰፈር ልጆች በአጥሩ ቀዳዳ ሲያጮልቁ፣ የበሰለው ፍሬ ደግሞ ከቤተሰቡ ሆድ ተርፎ መሬት ላይ ሲበሰብስ፣ ያ ቀላል መልስ መንገዳገድ ይጀምራል።

በኔ ግቢ ሁለት የኮክ ዛፎች፣ አንድ ትልቅ አቮካዶና በአጥሩ ሥር አንድ መደብ እንጆሪ አሉ። የፍሬዎቹ ጠባይ የተለያየ ነው። አቮካዶ ታጋሽ ነው፤ ለመቀጠፍ ቢደርስም ዛፉ ላይ እያለ አይለሰልስም። የሚለሰልሰው ከተለቀመ በኋላ ስለሆነ ባለቤቱ ፋታ ያገኛል። ኮክ ግን አይጠብቅም። ክረምቱ ገብቶ መብሰል ሲጀምር በጥቂት ቀናት ውስጥ አንድ ላይ ይደርስና ወይ ይበላል፣ ወይ ለወፍና ለትል ይሆናል። ስስታም ሰው አቮካዶን ደብቆ ሊያቆይ ይችላል፤ ኮክን ግን ማንም ደብቆ አያኖርም። እንግዲህ ጥያቄው ፈጦ የሚመጣው በኮክ ወራት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በሰፈራችን አንድ የኮክ ባለቤት የልጆቹ ነገር ሲመረው የአጥሩን አናት በሲሚንቶ አስመርጎ የጠርሙስ ስብርባሪ አስተከለበት። በዚያው ክረምት አንድ የ9 ዓመት ልጅ ሲንጠላጠል መዳፉ ተተለተለ። ሰፈሩ ለሁለት ተከፈለ። ገሚሱ «ሌባ የእጁን አገኘ» አለ። ገሚሱ ደግሞ «ለኮክ ተብሎ የልጅ እጅ ይቆረጣል ወይ?» ሲል ተቆጣ። የልጁ እናት ግን ከሁሉም የሚያሳስበውን ተናገሩ፤ «ልጄ አጥፍቷል፤ አልሸሽግም። ግን ሰውዬው ኮኩን ይበሉታል እንዴ?» አሉ። ይህ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም። ሴትየዋ የጠየቁት ስለ ስርቆት አልነበረም። ሰው ለማይጠቀምበት ነገር እስከ ምን ድረስ ዘብ ሊቆም ይገባዋል? ነው ያሉት።

በመጀመሪያ የባለቤቱን ክርክር እናዳምጥ፤ ክርክሩ ቀላል አይደለምና። ጉድጓዱን የቆፈረ፣ ፍግ የተሸከመ፣ በበጋ ውኃ ያጠጣ፣ በጊዜው የገረዘ እርሱ ነው። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ሎክ በ17ኛው መቶ ዘመን የንብረትን መብት ያቆመው በዚሁ በድካም ላይ ነው። በጫካ ውስጥ የሚለቀም ፍሬ ከመቼ ጀምሮ የለቃሚው ይሆናል? ሲበላው ነው? ወደ ቤቱ ሲያመጣው ነው? ብሎ ጠይቆ፣ የለቃሚው የሚሆነው ገና ሲለቅመው ነው፤ ድካሙ ከፍሬው ጋር ተቀላቅሏልና ሲል መለሰ። ይሁንና ባለንብረቶች ብዙ ጊዜ የሚዘነጉት አንድ ልጓም ይኸው ሎክ አበጅቷል። ሰው የሚገባው ሳይበላሽ ሊጠቀምበት የሚችለውን ያህል ነው፤ በእጁ የበሰበሰው ከድርሻው አልፎ ከሌላው የወሰደው ነው። በዚህ ሚዛን የልጁ እናት ጥያቄ የሎክም ጥያቄ ነበር ማለት ነው።

ደግሞስ ድካሙ ሁሉ የኔ ነው ወይ? አቮካዶውን የተከልኩት እኔ አይደለሁም። እዚህ ግቢ ውስጥ ከኔ በፊት የኖረ፣ መልኩን የማላውቀው ሰው ተክሎት ሄዷል። ከዘር የበቀለ አቮካዶ ፍሬ እስኪሰጥ ብዙ ዓመታት ይፈጃልና ምናልባት ሳይቀምሰው ሳይሄድ አይቀርም። ከዚህ የሚበልጥ አስገራሚ ነገርም አለ። የአቮካዶ አበባ ሁለት ጊዜ ነው የሚከፈተው፤ በመጀመሪያ እንደ ሴት፣ ተዘግቶ ዳግም ሲከፈት እንደ ወንድ። አንዳንዱ ዛፍ ጧት ሴት ሆኖ በማግስቱ ከቀትር በኋላ ወንድ ይሆናል፤ ሌላው ከቀትር በኋላ ሴት ሆኖ በማግስቱ ጧት ወንድ ይሆናል። ስለዚህ በደንብ እንዲያፈራ በአቅራቢያው ሰዓቱ የማይገጥመው ሌላ ዓይነት ዛፍ ቢኖር ይመረጣል፤ በሁለቱ መካከል የሚመላለሱ ንቦችም ያስፈልጋሉ። ከጎረቤቴ ግቢ አንድ አቮካዶ አለ። ንቦቹ ከየት እንደሚመጡ አላውቅም፤ አጥሩን ግን እንደማያውቁት አውቃለሁ። እንግዲህ የኔ ነው የምለው ፍሬ ውስጥ የጎረቤቴ ዛፍ ድርሻ የለበትም ብዬ እንዴት እከራከራለሁ?

ሕግ አውጪዎችም በዚህ ጉዳይ አንድ ልብ አልሆኑም። በጥንቶቹ ሮማውያን ዘንድ ፍሬው ጎረቤት መሬት ላይ ቢወድቅ የዛፉ ባለቤት ገብቶ የመልቀም መብት ነበረው። በፈረንሳይ የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ከተሻገረው ቅርንጫፍ በራሱ ጊዜ የወደቀው ፍሬ የጎረቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1900 ሥራ ላይ የዋለው የጀርመኑ ሕግም ጎረቤት መሬት ላይ የወደቀውን የዚያው መሬት ፍሬ አድርጎ ይቆጥረዋል። ያው አንድ ፍሬ ወሰን ሲሻገር ባለቤት ይለውጣል! ይህ የሚያሳየው የፍሬ ባለቤትነት እንደ ዛፉ ሥር የጠለቀ ሳይሆን በሰዎች ስምምነት የቆመ መሆኑን ነው።

ከሁሉም ግን ልቤን የሚነካው የኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 23 ሥርዓት ነው። ወደ ባልንጀራው ወይን የገባ ሰው እስኪጠግብ እንዲበላ ይፈቀድለታል፤ በዕቃ ይዞ እንዲወጣ ግን አይፈቀድለትም። ምንኛ የረቀቀ ድንበር ነው! መለኪያው አጥሩ አይደለም፤ ሆድና ቅርጫት ናቸው። ልብ በሉ፤ ይህ ምጽዋት አይደለም። ምጽዋት ሰጪውን ከፍ፣ ተቀባዩን ዝቅ ያደርጋል፤ ተቀባዩ አንገቱን ደፍቶ «እግዜር ይስጥልኝ» ማለት አለበት። እዚህ ግን አላፊው የሚበላው በመብቱ ነው፤ ማመስገን ቢፈልግ ያመሰግናል እንጂ አይለማመጥም።

አንዳንድ አንባቢዎች «ይህን የምትለው ልጆቹ ዛፉን ሲሰባብሩት ስላላየህ ነው» ይሉኝ ይሆናል። አይቻለሁ። ኮክ ፍሬውን የሚይዘው ባለፈው ዓመት በበቀለ ቀንበጥ ላይ ነው፤ ስለዚህ ዘንድሮ ለአንድ ፍሬ ተብሎ በድንጋይ የተመታ ቀንበጥ የከርሞውን ፍሬ ይዞ ይወድቃል። ደግሞም የሁሉም የሆነ የመንገድ ዳር ኮክ ሲበስል አይታይም። እያንዳንዱ «እኔ ብተወው ሌላው ይወስደዋል» እያለ ጥሬውን ይቀጥፈዋል፤ በመጨረሻ ሁሉም ጎምዛዛ በልቶ ይሄዳል። ባለቤት የሌለው ዛፍ ለማንም አይጣፍጥም። ይህ እውነት ነው፤ የባለቤትነትም ትልቁ ጥቅም ይህ ይመስለኛል። ባለቤት ማለት ፍሬው እስኪበስል የሚጠብቅ ሰው ነው።

ስርቆት ሁሉ ከረሃብ ይመጣል ማለትም የዋህነት ነው። በዛሬዋ አልጄሪያ የተወለደው አውግስጢኖስ በ16 ዓመቱ ከጓደኞቹ ጋር ከጎረቤት ዛፍ ፒር የሚባለውን ፍሬ መስረቁን በኑዛዜው ጽፏል። አልተራበም ነበር፤ ከዚያ የተሻለ ፍሬም ነበረው። አብዛኛውን ለአሳማ ጣሉት። የጣፈጠው ፍሬው ሳይሆን ክልክሉ ነበር። የሰፈራችን ልጆችም ከዚህ ስሜት ነፃ አይደሉም። ነገር ግን ከዚህ የምማረው ሌላ ነው፤ የጠርሙስ ስብርባሪው ኮኩን አይጠብቀውም፤ እንዲያውም ያጣፍጠዋል።

ታዲያ መልሱ ምንድነው? እኔ የደረስኩበት ይህ ነው፤ ዛፉና ጊዜው የባለቤቱ ናቸው፤ ትርፉ ግን አይደለም። ቀንበጥ የሚሰብርን፣ ጥሬ የሚያራግፍን፣ ከረጢት ይዞ ለገበያ የሚመጣን የመከልከል መብት አለኝ። የከርሞውን ፍሬ፣ የሁሉንም ድርሻ ይወስዳሉና። የበሰለውንና ከቤቴ የተረፈውን መከልከል ግን መብቴ አይደለም። ከአጥር ያለፈውን ቅርንጫፍ ፍሬ እንደ ጎረቤት ድርሻ እቆጥረዋለሁ፤ ሲበስል ለልጆቹ እነግራቸዋለሁ። ነቅዞ የተረፈውን መስጠትም መስጠት አይባልም። በባህላችን ለጎረቤት የሚቀመሰው ከምሳው ትርፍራፊ ሳይሆን ገና ከድስቱ ሲወጣ ነው፤ ሳህኑም ባዶውን አይመለስም። እንጆሪማ ከዚህም ይበልጣል፤ ሐረግ እየሰደደ ልጆቹን ስለሚተክል ችግኙን ብሰጥ የሚጎድልብኝ የለም፤ ጎረቤቴም የራሱ መደብ ይኖረዋል።

ዛሬ በአዲስ አበባ ግቢው እየጠበበ፣ አጥሩ እየረዘመ ነው። ብዙዎቻችን ጓሮ በሌለው የኮንዶሚኒየም ፎቅ ላይ ነን። ፍሬን ከገበያ በኪሎ ብቻ የሚያውቅ ልጅ «የማነው?» ብሎ የመጠየቅ ዕድል አይኖረውም፤ የከፈለው ሰው ነው ይላል። ከጎረቤት እጅ የበሰለ ኮክ ተቀብሎ የማያውቅ ልጅ፣ ነገ የራሱ ዛፍ ሲኖረው፣ ከአጥሩ ያለፈውን ቅርንጫፍ ሲያይ ምን ትዝ ይለዋል? መጋዝ ብቻ እንዳይሆን እፈራለሁ።